በ«ሲ» የሚጀምሩ የደማምና የኮባር ቃላት

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደልና በእርሷ ስለሚጀምሩ ጥቂት ቃላት ነው። ዕድሜውን በዜማና በቅኔ፣ በሰዋስውና በትርጓሜ የጨረሰ መነኵሴ ከእንግሊዝኛ ፊደል ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር፣ መልሳችን አጭር ነው። እኛ ወደ ቃላቱ አልሄድንም፤ ቃላቱ ወደ እኛ መጡ። ያመጧቸውም የእናንተው ልጆች ናቸው።

ጠበል ለመጠመቅ ወይም ስለት ለማድረስ ወደ ገዳማችን ከሚመጡት መካከል ከሳዑዲ ዐረቢያ የተመለሱ እኅቶች ጥቂቶች አይደሉም። ከእነርሱም ብዙዎቹ በምሥራቁ ክፍል፣ በደማምና በኮባር የሠሩ ናቸው። በእንግዳ መቀበያው ቤት ሲጫወቱ እንሰማቸዋለን። በአማርኛቸው መካከል ዐረብኛ አለ፤ በዐረብኛቸው መካከል ደግሞ እንግሊዝኛ አለ። ከ«ኢቃማ» እና ከ«ከፊል» ቀጥሎ «ኮንትራት»፣ «ካንስል»፣ «ቻርጅ»፣ «ኬዝ» ይላሉ። ፍቺውን ስንጠይቅ ግን ሁለቱ ሁለት ዓይነት ይመልሳሉ። ስለዚህ አንድ ደብተር አስቀምጠን የሚያውቁትን ቃል ከነሰሙበት ቦታ እንዲጽፉልን ለመንናቸው። መጻፍ ላልቻሉትም እኛ ጻፍንላቸው። ደብተሩን በፊደል ተራ ስናስተካክለው ከሁሉ ይልቅ የሞላው በሲ የሚጀምረው ገጽ ሆነ። የቃላቱን ሥር ደግሞ አንድ መምህር የሆኑ ተሳላሚ ትተውልን ከሄዱት ታላቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ተመለከትን።

አስቀድሞ፣ በዐረብ አገር እንግሊዝኛ ከየት መጣ ለሚል ጥቂት እንበል። ደማም የምሥራቁ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት፤ ኮባር በባሕሩ ዳር በስተ ደቡብ ያለች ጎረቤቷ ናት፤ ዳህራንም በአጠገባቸው አለች። ከመቶ ዓመት በፊት በዚያ ዳርቻ የነበሩት ዓሣ አጥማጆችና ዕንቍ ጠላቂዎች የሚኖሩባቸው ትንንሽ መንደሮች ነበሩ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1933 ዓ.ም. ከካሊፎርኒያ የመጣ የነዳጅ ኩባንያ ከሳዑዲ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። በአምስተኛው ዓመት፣ በ1938 ዓ.ም.፣ በዳህራን የተቈፈረው «ደማም ቍጥር 7» የተባለው ጕድጓድ ዘይት በብዛት አፈለቀ። በ1944 ዓ.ም. ኩባንያው አራምኮ የሚለውን ስም ያዘ። አሜሪካውያኑም ሲሰፍሩ ቋንቋቸውን አብረው አሰፈሩት። ቀጥሎ ከሕንድ፣ ከፊልጵስዩስ ደሴቶች፣ ከሌላም አገር ሠራተኛ መጣ፤ ዐረብኛ የማያውቀው ከማያውቀው ጋር የሚግባባው በእንግሊዝኛ ሆነ። ዛሬም አንዲት የራያ ልጅ በኮባር ሐኪም ቤት ብትታመም የምታስታምማት ነርስ የምትናገረው ምናልባት በእንግሊዝኛ ነው።

ወደ ፊደሏ እንመለስ። የእንግሊዝኛ ተማሪ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» ብሎ ሲቈጥር ሲ ሦስተኛ ናት። በእኛም «አ፣ በ፣ ገ፣ ደ» ሲባል ገ ሦስተኛ ናት። ይህ እንዲሁ የገጠመ ነገር አይደለም። የፊንቄ ሰዎች ጊሜል የሚሏት ፊደል ወደ ጽርእ ገብታ ጋማ ተባለች፤ ከጽርእም ወደ ኢጣልያ ምድር ተሻግራ በሮማይስጥ ሲ ሆነች። የእኛ ገምልም ከዚያው ከሴም ፊደል ዘር የወጣች ናት። በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ያየ ሰው፣ ቃላቱ የተደረደሩት በ«ሀ ሁ» ሳይሆን በ«አበገደ» መሆኑን ያውቃል። እንግዲህ ሲ ለእኛ ፈጽማ ባዕድ አይደለችም፤ በሩቅ አገር ያደገች ዘመድ ናት።

ነገር ግን በሄደችበት አገር ጠባይዋ ተለውጧል። «ካምፕ» ሲባል እንደ ከ ትነበባለች፤ «ሲቲ» ሲባል እንደ ሰ ትነበባለች፤ ኤች የተባለችው ፊደል ስትከተላት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቸ ትሆናለች። ድምፅዋን የሚወስነው ከእርሷ ቀጥላ የምትቆመው ፊደል ናት። የፊደሏ ጠባይ እንዲህ ከሆነ፣ በእርሷ የሚጀምሩት ቃላት ጠባይም እንዲሁ ነው፤ ፍቺያቸው የሚታወቀው በጎረቤታቸው ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ልጆቻችን ገና ከአገራቸው ሳይወጡ የሚያገኙት ቃል ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ዐዋጅ ቍጥር 923 ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ያዛል። ይህ ማረጋገጫ በሕዝብ አፍ «ሲኦሲ» ይባላል። በውስጡ ሁለት ሲ አሉ፤ የፊተኛው «ሰርተፊኬት» ነውና እንደ ሰ ይነበባል፤ የኋለኛው «ኮምፒተንስ» ነውና እንደ ከ ይነበባል። ሰርተፊኬት ማረጋገጫ ነው፤ ኮምፒተንስ ችሎታ ነው። አንዲቱ እኅት «አባ፣ ሲኦሲ አለኝ፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ግን ዛሬ ገና ሰማሁ» አለችን። ወረቀቱን ያገኘች ሁሉ ችሎታውን አገኘች ማለት አይደለም። የልብስ ማጠቢያውን መኪና አዝራር ሳታውቅ፣ በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ሳትለይ የሄደች ልጅ፣ የፊተኛውን ሲ ይዛ የኋለኛውን ትታ ሄዳለች።

ሁለተኛው «ኮንትራት» ነው። በወሎም በጎጃምም በሸዋም «በኮንትራት ሄደች» ሲባል በባሕርና በበረሓ ሳይሆን በሕጋዊ መንገድ፣ በአውሮፕላን ሄደች ማለት ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ «ኮንትራት ያዝን» ያለ ሰው ታክሲውን ብቻውን ተከራየ ማለት ነው። በእንግሊዝኛው ግን ቃሉ ጕዞንም መኪናንም አያመለክትም፤ ውል ማለት ነው። ሥሩ ከሮማይስጥ ሲሆን «አንድ ላይ መሳብ» ማለት ነው፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ገመድ መሳሳባቸውን ያሳያል። አንድም፣ መኰማተር ይሆናል፤ የተሳበ ነገር ያጥራልና። አንድም፣ በበሽታ መያዝ ይሆናል፤ ሕመሙን ወደ ራስ መሳብ ነውና። የእኛም «ውል» መልካም ቃል ነው፤ የክር ጫፍ ማለትም ነውና። ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ቢጐትቱት ይብሱን ይተበተባል።

ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኮንትራትን ጕዞ ነው ብላ የያዘች ልጅ፣ ከአውሮፕላን ስትወርድ ኮንትራቷ ያለቀ ይመስላታል። ውል መሆኑን ያወቀች ግን ከአውሮፕላን ስትወርድ እንደ ጀመረ ታውቃለች። ደመወዙ ስንት እንደ ተጻፈ፣ ዕረፍቱ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ፣ ሁለት ዓመት ስትጨርስ የመመለሻ ቲኬቱን የሚገዛው ማን እንደ ሆነ ትጠይቃለች። አንዲት እኅት በኮንትራቷ ላይ ምን እንደ ጻፈች ብንጠይቃት «የጻፍሁት ጣቴን ብቻ ነው» አለችን፤ የአውራ ጣት አሻራዋን ማለቷ ነው። በግእዝ «አመት» በአልፋው አ ሲጻፍ ገረድ ማለት ነው፤ «ዓመት» በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ግን የዘመን ቍጥር ነው። በአማርኛ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ጽሕፈቱ ነው። የሁለት ዓመት ሠራተኛ ሆና የሄደችው ልጅ ስንት ዓመት እንደ ተዋዋለች ሳታነብ ከቀረች፣ ሌላው ሰው ዓመቱን ወደ አመት ሊለውጥባት ይችላል።

ሦስተኛው «ካምፓኒ» ነው። ከሳዑዲ የተመለሱት እኅቶች «በቤት ነበርሁ» እና «በካምፓኒ ነበርሁ» ብለው ይለያሉ። የፊተኛው በአንድ ቤተ ሰብ ሥር መሥራት ነው፤ የኋለኛው ሠራተኞችን ሰብስቦ ለየቤቱ በሚያከራይ ድርጅት ሥር መሆን ነው። «ኩባንያ» የምንለውም ይኸው ቃል በኢጣልያንኛ በር የገባ ነው። የቃሉን ሥር ስናይ ተደነቅን። ከሮማይስጥ «አብሮ» እና «እንጀራ» ከሚሉት ሁለት ቃላት የመጣ ነው፤ እንጀራ አብሮ የሚበላ ማለት ነው። የእኛ ሊቃውንት «ባልንጀራ» የሚለውን «ባለ እንጀራ» ብለው የሚፈቱት ትዝ አለን። ሁለት ሕዝብ ሳይመካከር ወዳጅነትን በአንድ ገበታ ለካው። በእንግሊዝኛውም እስከ ዛሬ ድረስ ቃሉ ሁለት ፍቺ ይዟል፤ አንድም የንግድ ድርጅት፣ አንድም የሰው አጠገብ መሆን። በኮባር ብቻዋን በአንድ ፎቅ ውስጥ የምትኖር ልጅ የፊተኛው ካምፓኒ አላት ወይም የላትም፤ የኋለኛው ግን ለሁሉም ያስፈልጋታል። ስልክ ስትደውሉላት ገንዘብ መላኳን ከመጠየቃችሁ በፊት እንጀራ ከማን ጋር እንደምትበላ ጠይቋት።

አራተኛውና አምስተኛው በአንድነት ይታያሉ፤ «ኮፒ» እና «ካንስል»። ኮፒ በሮማይስጥ ብዛት ከሚል ቃል የወጣ ነው። አንዱን ጽሑፍ ገልብጦ ማብዛት ነውና፣ ብራና ፍቀው የሚጽፉ አባቶቻችን ሥራውን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። መጽሐፍ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ የሚተርፈው ቅጂው ነው። ልጃችሁ ከመሄዷ በፊት የፓስፖርቷን፣ የቪዛዋንና የውሏን ኮፒ በቤታችሁ አስቀሩ፤ የአሠሪውንም ስልክና አድራሻ ጻፉ። ፓስፖርቱ የተሰጠው በስሙ ለተጠራችው ሰው እንጂ ለአሠሪዋ አይደለም፤ ዳሩ ግን ከእጇ ቢወጣ እንኳ ኮፒው በእናቷ ሣጥን ካለ ማንነቷ አይጠፋም።

ካንስል መሰረዝ ነው። በሮማይስጥ የመስኮት ፍርግርግ ማለት ነበር፤ ጸሓፊዎች የማይፈለገውን ቃል በተቋረጡ መስመሮች ሲያጠፉ ፍርግርግ ይመስል ነበርና እንዲህ ተባለ። የእኛም «ሰረዘ» ከ«ሰረዝ» ጋር አንድ ዘር ነው። ይህ ቃል በደማም ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ሁልጊዜ ግን አንድ ነገር አይሰርዝም። የአውሮፕላን ቲኬት ካንስል ቢሆን ቀን ይለወጣል። ኢቃማ ካንስል ቢሆን ግን በአገሩ የመኖር ፈቃድ ያከትማል። አንዲት እኅት እንዳጫወተችን፣ የቤቱ ልጅ በእንግሊዝኛ «ካንስል» ሲል ሰማች። ሲናገር የነበረው ስለ ቲኬቷ ነው፤ እርሷ ግን ኢቃማዋ መሰሏት በሌሊት ከቤት ወጥታ ሄደች። በማግሥቱ አሠሪዋ ጠፍታለች ብሎ አመለከተ፤ በዚያ አገር «ሁሩብ» የሚሉት ነው። ቲኬቷ ብቻ ተሰርዞ የነበረው እኅት ከዚያ በኋላ ፈቃዷም ተሰረዘ። «ምን ካንስል?» ብላ ብትጠይቅ ኖሮ አንዲት ቃል ትበቃት ነበር።

ስድስተኛው «ቻርጅ» ነው። ይህን ቃል የማያውቅ የለም፤ ስልኩ የሞተበት ሁሉ «ቻርጅ አድርጉልኝ» ይላል። ሥሩ በሮማይስጥ ሠረገላ ነው፤ በሠረገላ ላይ መጫን ማለት ነው። ከዚህ አንድ ሥር ብዙ ቅርንጫፍ ወጣ። በስልክ ላይ ኃይል መጫን ቻርጅ ነው፤ አንድም፣ በገዢ ላይ ዋጋ መጫን ቻርጅ ነው፤ አንድም፣ በሰው ላይ ኀላፊነት መጫን ቻርጅ ነው፤ አንድም፣ በሰው ላይ ክስ መጫን ቻርጅ ነው። የተመለሱት እኅቶች ዕቃቸውን የሚልኩበት «ካርጎ» ደግሞ የዚሁ ቃል ወንድም ነው፤ ጭነት ማለት ነውና። በ1939 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር የመጀመሪያው የዘይት ካርጎ ከዚያ ዳርቻ፣ ከራስ ታኑራ ወደብ ወጣ፤ ዛሬም የእኅቶቻችን ብርድ ልብስና ድስት ካርጎ ተብሎ ይመጣል። እንግዲህ በፖሊስ ጣቢያ ውስጥ «ቻርጅ» የሚለውን የሰማች ልጅ የስልኳን ገመድ ብታወጣ አትሳቁባት። ከቃሉ አራት ፍቺ የምታውቀውን አንዱን መረጠች። የጎደላት አስተርጓሚ ነው፤ ያልገባትን ወረቀት ሳይተረጐምላት አለመፈረምን ያስተማራትም የለም።

ሰባተኛውን «ኬዝ» ብለን እንጀምርና ወደ ከባዱ ቃል እናልፋለን። «የስልክ ኬዝ» የሚባለው ልባሱ ነው፤ ሣጥን ወይም ማኅደር ከሚል የሮማይስጥ ቃል የመጣ ነው። «ኬዝ አለባት» የሚባለው ግን ሌላ ቃል ነው፤ መውደቅ ከሚል ሥር የወጣ፣ በሰው ላይ የደረሰ ነገርን፣ አንድም በፍርድ ቤት የቀረበ ጕዳይን፣ አንድም የሕመምተኛን ሁኔታ የሚናገር ነው። ሁለቱ እንደ «ሠዐለ» እና እንደ «ሰአለ» ናቸው፤ አንዱ ሥዕል ሣለ፣ አንዱ ለመነ ማለት ነው። ድምፃቸው ተቀራረበ እንጂ ዘራቸው ልዩ ነው። ከሁለተኛው ኬዝ ጋር በአንድ ሥር የበቀለው ቃል ደግሞ «ካዡዋሊቲ» ነው።

በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ አንዲት እናት ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቃ፣ ከሁለት ዘመዶቿ ጋር ወደ ገዳማችን መጣች። ልጇ በኮባር በቤት ሠራተኛነት ትኖር ነበር። የልጇን ስመ ክርስትና በወረቀት አስጽፋ ይዛለች፤ ፍትሐት እንዲደረግላት፣ ስሟም በጸሎት እንዲታሰብ ለመነችን። እኛም «እኅቴ፣ መርዶውን ማን ነገረሽ?» ብለን ጠየቅናት። «አባቴ፣ ስልኩ ነው የነገረኝ» አለች። ከልጇ ጋር በአንድ ሰፈር የምትሠራ የኬንያ ሴት በእንግሊዝኛ አጭር መልእክት ልካ ነበር። የጎረቤት ልጅ መልእክቱን አንብቦ አንዱን ቃል አላወቀውም፤ ቃሉን በስልኩ ውስጥ ባለው ተርጓሚ ቢፈልገው «ሟች፤ የአደጋ ሰለባ» የሚል ወጣለት። ያን ሌሊት በቤቱ ልቅሶ ሆነ።

መልእክቱን አስነበብነው። ቃሉ ካዡዋሊቲ ነበር። በዚያ ዕለት በደማም በአንድ ሐኪም ቤት በጽዳት ሥራ አራት ዓመት የቈየች እኅት ለጠበል መጥታ በእንግዳ ቤቱ ነበረች። ቃሉን ገና ስትሰማ ተነሥታ ቆመች። «አባ፣ ይህ እኮ የክፍል ስም ነው። ሕንዶቹ ነርሶች ድንገተኛ ክፍሉን እንዲህ ነው የሚጠሩት። እኔ ወለሉን በየቀኑ እወለውለው ነበር፤ የሚሞትም አለ፣ ድኖ የሚወጣው ግን ይበዛል» አለች። መልእክቱንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደግመን ብናነበው «ልጅቱ በካዡዋሊቲ ናት» ይላል እንጂ «ካዡዋሊቲ ናት» አይልም። «በ» የምትለዋ ትንሽ ቃል በእንግሊዝኛውም አለች፤ የጎረቤት ልጅ ግን ትልቁን ቃል ሲፈልግ ትንሿን ዘለላት።

ፍትሐቱን አቈየነውና ስልክ አስደወልን። በማግሥቱ ማታ ድምፅዋ ተሰማ። ትርፍ አንጀቷ ታሞ ኖሮ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት በአልጋ ላይ ነበረች። እናቷ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቈየች። ከዚያ «በላሽ ወይ?» ብላ ጠየቀቻት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነጠላዋን አቃንታ ለበሰች፤ የልጇን ስም የጻፈችበትንም ወረቀት ለተሳላሚ ሕሙማን ከሚጸለይበት መዝገብ ውስጥ እንድናገባላት ሰጠችን። ስሙ ያው ነው፤ የገባበት መዝገብ ግን ተለወጠ።

እነሆ፣ ይህን ሁሉ የጻፍንበት ምክንያት ይህ ነው። ተርጓሚው ማሽን ዋሸ አንልም፤ ካዡዋሊቲ በጦርነትና በአደጋ ዜና ሲገኝ የሞተ ወይም የቈሰለ ሰው ማለት ነውና። በሐኪም ቤት አፍ ግን የክፍል ስም ነው። በትርጓሜ ቤት መምህሮቻችን ንባቡን ሳናጸና ወደ ፍቺው አያሻግሩንም ነበር። ፍቺም ስንጀምር «ማን ተናገረው? ለማን? በምን ጊዜ?» ይሉን ነበር። አንድ ቃል ብቻውን ተነቅሎ ሲመጣ መልካም ተማሪ አይፈታውም፤ ከፊቱና ከኋላው ያለውን አምጡልኝ ይላል። ይህ ሥርዐት ለቅዱሳት መጻሕፍት ብቻ የተሰጠ መስሎን ኖረን ነበር፤ ለኮባርም መልእክት እንደሚያስፈልግ ያች እናት አስተማረችን።

ሌላም የተማርነው አለ። የቃሉን ፍቺ ያመጣችው ወለል ስትወለውል የኖረች ሴት ናት። ታላቁ መዝገበ ቃላታችን በመደርደሪያ ላይ ነበር፤ በእርሱም ውስጥ ቃሉ ከነፍቺዎቹ ሁሉ አለ። ከፍቺዎቹ የትኛው እንደ ሆነ የለየችው ግን ቃሉን በቦታው የሰማችው ናት። ከዐረብ አገር የተመለሱ ልጆቻችሁን ባዶ እጃቸውን መጡ ብላችሁ አትናቋቸው። ብዙዎቹ ገንዘብ አላመጡ ይሆናል፤ የእያንዳንዱን ቃል ክብደት ግን በትከሻቸው ተሸክመው መጥተዋል። ነገ ለምትሄደው ልጅ ከደላላው ይልቅ እነርሱ ይጠቅሟታል።

ስለዚህ ለተሳላሚዎች ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከውጭ አገር በማታውቁት ቋንቋ መልእክት ሲመጣ ከቃሉ አንዱን ነጥላችሁ አታስፈቱ፤ ሙሉውን አስነብቡ፤ ከተቻለም በዚያ አገር የኖረ ሰው ይስማው። ሁለተኛ፣ ልጃችሁ የምትፈርመውን ኮንትራት ከጣቷ አስቀድሞ ዓይኗ ይየው፤ ማንበብ ካልቻለች የሚያነብላት ይኑር። ሦስተኛ፣ «ኮንሱሌት» እና «ኤምባሲ» የሚሉትን ቃላት ከነቦታቸው ትወቃቸው። የኢትዮጵያ ኤምባሲ በሪያድ፣ ቆንስላ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ በጅዳ ነው። ከደማም ሪያድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጅዳ ግን በምድሪቱ በሌላው ዳር፣ በቀይ ባሕር ላይ ነው። ችግር ያገኛት ልጅ ወደ የት እንደምትደውል አስቀድማ በወረቀት ይዛ ትሂድ።

በደብተራችን የሲ ገጽ መጨረሻ ላይ የተጻፈው ቃል «ኬር» ነው። አንዲት እኅት ከፊልጵስዩስ ሴቶች ጋር ትሠራ ነበርና፣ ማታ ማታ ሲለያዩ «ቴክ ኬር» ይባባሉ እንደ ነበር ነገረችን፤ ራስሽን ጠብቂ ማለት ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ግን ኬር ማለት ኀዘንና ጭንቀት ነበር። ኋላ ለሰው መጨነቅ፣ ከዚያም ሰውን መንከባከብ ሆነ። የእኛም «ሐሳብ» እንዲሁ ነው፤ «ሐሳብ ገባኝ» ያለች እናት ተጨነቅሁ ማለቷ ነው፤ «አስቢልኝ» ያለችም ተንከባከቢልኝ ማለቷ ነው። ማሰብ ከጭንቀት ብቻ ቢቀር ሰውን ይጎዳል፤ ወደ መጠበቅ ካደገ ግን ያድናል።

ደብተሩ በእንግዳ መቀበያው ቤት በመስኮቱ አጠገብ አለ። ሊሄዱ የተዘጋጁ ልጆች ያንብቡት፤ የተመለሱትም የጎደለውን ይጨምሩበት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል ወይም መልእክት ያላችሁ ከሰርክ ጸሎት በኋላ አምጡ፤ ከእኛ የሚያነብ ባይገኝ እንኳ ከተሳላሚዎች መካከል የሚያነብ አይጠፋም። ወደ ሩቅ አገር የሄዱትን በሰላም ያግባልን፤ በቤት የቀሩትንም ከክፉ ወሬ ይጠብቅልን።